ሞተሩ ተቀየረ፤ ኮምፒውተሩስ ይቀየር?

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ከሚሠራ የዶልፊን ሚኒባስ ባለቤት ነው። እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የመኪናዬ ሞተር የቶዮታ 2ኬዲ ነው። ጣርማ በር ዳገት ላይ ፒስቶን ተሰነጠቀና ቆመ። ከአዲስ አበባ ያገለገለ 2ኬዲ ገዝቼ እዚሁ ደብረ ብርሃን አስገጠምኩ። ይነሳል። ግን ቼክ መብራቱ አይጠፋም፣ ጥቁር ጭስ ያጨሳል፣ ዳገት ላይ ከ2500 ዙር በላይ እምቢ ይላል። መካኒኬ ‹የአዲሱ ሞተር ቺፕ ሌላ ነው፣ ኮምፒውተሩ ይቀየር› ይላል። አንድ ልጅ ደግሞ ‹ግድ የለም፣ በላፕቶፕ ፕሮግራም አደርግልሃለሁ፣ ጉልበትም እጨምርልሃለሁ› አለኝ። ሞተሩን የሸጠልኝ ሰው ‹አብሮት የመጣ ኮምፒውተር አለኝ፣ ግዛው› ይላል። የቱን ላድርግ?»

ለጊዜው ሦስቱንም አታድርግ። ኮምፒውተሩን ከቦታው አትንቀል። ማንም ፕሮግራም እንዲጽፍበት አትፍቀድ። ለሻጩም ቀብድ አትስጥ። በቅድሚያ መነበብ ያለበት ነገር አለ፤ እሱ ሳይነበብ የሚሰጥህ መልስ ሁሉ ግምት ነው፣ የእኔም ጭምር።

ስለ «ቺፕ» እንነጋገር። ሞተሩ ውስጥ ቺፕ የሚባል ነገር የለም። የገዛኸው ብረት ነው። በላዩ ላይ ሴንሰር፣ ናፍጣ የሚረጭ ኢንጀክተር፣ ፓምፕና ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋ ተርቦ ተገጥሞበታል። የሚያስበው ሳጥን ያለው መኪናህ ላይ ነው። ድሮም እዚያው ነበር፣ አሁንም እዚያው ነው። ሞተሩ ሲወጣ ሶኬቶቹ ተነቀሉ፣ አዲሱ ሲገባ ተመልሰው ተሰኩ። ኮምፒውተሩ ሞተር መቀየሩን እንኳ አላወቀም። ለእሱ ትናንት የጠፋው ሞተር ዛሬ ተነሳ፤ በቃ።

ስለዚህ የገባው ሞተር ከወጣው ጋር በእርግጥ አንድ ዓይነት ከሆነ ኮምፒውተር የሚቀየርበት ምክንያት የለም። ነገሩ ያለው «አንድ ዓይነት» የሚለው ላይ ነው። 2ኬዲ ሲባል ሁሉም አንድ ይመስላል። ብሎኩ፣ ዋናው የብረት አካል ማለቴ ነው፣ አዎ፣ 2.5 ሊትር ናፍጣ ነው። ከላዩ ያለው ግን ይለያያል። የተርቦውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር የሌለው፣ 102 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ አለ። 120 የሚሰጥ አለ። ኋላ ላይ የመጣው ደግሞ 144 ድረስ ይሄዳል። ሻጩ «2ኬዲ ነው» ሲልህ አልዋሸህም። ግን ከሃይሉክስ ላይ የወረደ ይሁን ከዶልፊን ላይ አልነገረህም፤ ምናልባት እሱም አያውቅም።

ይህን ራስህ ማየት ትችላለህ። ሞተሩን ቀዝቅዞ እያለ የፊት ወንበሩን አንሳና ተርቦውን ተመልከት። የድሮው ሞተርህ ጋራዥ ጥግ ወድቆ ከሆነ እንዳታስወስደው፤ የሁለቱን ተርቦ ጎን ለጎን አስተያይ። ቀላሉ ተርቦ ላይ አንዲት ክብ ቆርቆሮና አንድ ዘንግ አለ፤ አየሩ ሲበዛ ራሱ ገፍቶ ይከፍታል፣ ኮምፒውተር አይጠይቅም። ሌላኛው ውስጡ የሚንቀሳቀሱ ምላሶች ያሉት ነው። እነሱን የሚያዘው ኮምፒውተሩ ነው፤ ወይ በቫክዩም ቱቦ ወይ በትንሽ ኤሌትሪክ ሞተር በኩል። አዲሱ ሞተርህ ላይ የሚሰካበት አጥቶ የተንጠለጠለ ሶኬት ወይም የትም ያልደረሰ ቀጭን ቱቦ ካየህ ነገሩ ገባህ ማለት ነው። ኮምፒውተርህ የማያውቀው ተርቦ ተገጥሞልሃል። የሚያዘው ስለሌለ ምላሱ ባለበት ቆሟል።

እንዲህ ሆኖ ከተገኘም ቢሆን ኮምፒውተር አትግዛ። አዲሱን ብሎክ የድሮውን ልብስ አልብሰው። የራስህን ተርቦ፣ የራስህን ማኒፎልድ፣ የራስህን ፓምፕና ሴንሰሮች ፈትተህ አዲሱ ላይ ግጠም፤ ደህና ከሆኑ ማለቴ ነው። የአንድ ቀን ሥራ ነው። መካኒክህ ያጉረመርም ይሆናል፣ ምክንያቱም ኮምፒውተር መቀየር የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ያውም ካልሠራ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ኮምፒውተሩ ሞተር መቀየሩን አያውቅም አልኩህ። ስለ ድሮው ሞተር የሚያስታውሰው ነገር ግን አለ።

ኢንጀክተር፣ ብዙዎቻችን ኖዝል የምንለው፣ ከፋብሪካ ሲወጣ አንዱ ከሌላው ጋር እኩል አይረጭም። ልዩነቱ ለዓይን የማይታይ፣ ከጠብታም ያነሰ ነው። እነዚህ ሞተሮች ላይ ግን ያም ይቆጠራል። ስለዚህ ፋብሪካው እያንዳንዱን ይለካና ልዩነቱን በ30 ፊደልና ቁጥር ጽፎ ኢንጀክተሩ ጭንቅላት ላይ ያትመዋል። ያ ጽሑፍ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይመዘገባል፣ ለአራቱ ሲሊንደር አራት መስመር። ኮምፒውተሩ በዚያ እየተመራ አንዱን ትንሽ ቀደም ብሎ ይዘጋል፣ ሌላውን ትንሽ ያቆያል። አንተ ሞተር ስትቀይር አራቱም ኢንጀክተሮች ተቀየሩ። ኮምፒውተሩ ግን አሁንም የሚሠራው በድሮዎቹ ቁጥር ነው። ለአንዱ የታዘዘ መነጽር ሌላው እንዳጠለቀው ቁጠረው።

የሚያስቸግረው ደግሞ ኮምፒውተሩ በዚህ ቅሬታ አያሰማም። ቁጥር አለው፤ የማን እንደሆነ አይጠይቅም። ባዶ ኮምፒውተር ብትገጥም ግን ወዲያው ይጮኻል። ፒ1601 የሚል ኮድ ያወጣል፣ የኢንጀክተር ቁጥር አልተሰጠኝም ማለቱ ነው፤ ጉልበትም ይቀንሳል። ያገለገለ ኮምፒውተር ከገጠምክ ደግሞ የሦስተኛ መኪና ቁጥር ይዞልህ ይመጣል። የሻጩ ኮምፒውተር በእርግጥ የዚህ ሞተር ካልሆነ የባሰ እንጂ የተሻለ አይሆንልህም።

አንድ ክረምት የአንተን የመሰለ ዶልፊን መጥቶልኝ ነበር። ባለቤቱ ሁለት ኮምፒውተር ገዝቶ ሁለቱንም በፌስታል ጠቅልሎ ይዟል። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ሲቆም ዳሽቦርዱ ላይ የተቀመጠ የውኃ ላስቲክ ይንቀጠቀጣል። የመጀመሪያውን ኮምፒውተሩን፣ የመኪናዋን፣ አስመለስኩት። ከዚያ ጨርቅ ቤንዚን አስነክሬ የአራቱንም ኢንጀክተር ጭንቅላት ጠረግሁ። ዘይትና አቧራ ተጋግሮ ጽሑፉ አይታይም ነበር። ረዳቴ በስልኩ መብራት እያበራ ያነባል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሦስተኛው ላይ የምርመራ ማሽኑ አልቀበልም አለ። ደግመን ጻፍን፣ እንደገና እምቢ። ለካ 8 ብለን የጻፍነው የላቲኑ ቢ ነበር። ስናስተካክለው ገባ። ሞተሩን ስናስነሳው ላስቲኩ ላይ ያለው ውኃ ዝም አለ። ባለቤቱ ፌስታሉን አየና «እነዚህንስ ማን ይገዛኛል?» አለ። መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ ያንተም ኢንጀክተሮች ላይ ይህ ጽሑፍ መኖሩን እይ። ቆየት ያሉት ላይ የለም፤ ከሌለ ይህ ሥራ አይመለከትህም። ካለ ፎቶ አንሳውና ከአንድ እስከ አራት ያለውን ቅደም ተከተል ጻፍ። የቶዮታ ፕሮግራም ያለው ባለሙያ በዳሽቦርዱ ሥር ባለው ሶኬት በኩል ያስገባልሃል። ሳጥኑ አይከፈትም፣ ምንም ነገር አይበየድም። በዚያው ፓምፑ ተቀይሯልና የፓምፑ ልምድ ከዜሮ እንዲጀምር ያስደርግ። ኮምፒውተሩ የድሮው ፓምፕ ደክሞበት የነበረውን ሲያካክስ ኖሮ ሊሆን ይችላል። ባትሪ ነቅሎ መልሶ መሰካት ይህን አይተካም። ባትሪ መንቀል ኮድ ያጠፋ ይሆናል፣ የኢንጀክተሩ ቁጥር ግን ከቦታው አይነቃነቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። «የራሴን ኢንጀክተሮች ወደ አዲሱ ላዙራቸው፣ ቁጥሩም ይስማማል» ልትል ትችላለህ። ሐሳቡ ልክ ነው። ግን የድሮው ፒስቶንህ ተሰንጥቋል ብለሃል። ፒስቶን ያለ ነገር አይሰነጠቅም። በእነዚህ ሞተሮች ላይ በተደጋጋሚ የሚገኘው ምክንያት አብዝቶ የሚረጭ ወይም የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ነው። ያንን ፈትተህ ደህናው ሞተር ላይ ከገጠምከው ገዳዩን ቤትህ አስገባኸው ማለት ነው። መጀመሪያ መሞከሪያ ማሽን ላይ ይለኩ። ሞተር ከመግባቱ በፊት ጠይቀኸኝ ቢሆን ኖሮ የዘይት መምጠጫ ወንፊቱንም ፍታና እይ እልህ ነበር፤ ኢንጀክተር ሥር ያለው የመዳብ ቀለበት ሲያፈስ ጥላሸቱ ዘይት ውስጥ ገብቶ ያንን ወንፊት ይደፍነዋል። አሁንም ካርተሩን፣ ከሥር ያለውን የዘይት መያዣ፣ ማውረድ ይቻላል።

ይሁንና እውነቱን ልንገርህ፣ የኢንጀክተር ቁጥር ብቻውን ያንተን ምልክቶች ሁሉ አያመጣም። ማንቀጥቀጥ፣ ማንኳኳት፣ መጠነኛ ጭስ ያመጣል። ቼክ መብራትና 2500 ላይ መታነቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ኮምፒውተሩ የሆነ ነገር አይቶ ጉልበት ቀንሶብሃል፤ ያየውንም ጽፎ አስቀምጦታል። ይነበብ። ማንበብ ምንም አይጎዳም፣ የሚጎዳው መጻፍ ነው። የሚነበበውም ሳይጠፋ በፊት በወረቀት ይገልበጥ። አንዳንዱ ልጅ ገና ሲሰካ «አጠፋሁልህ» ይላል፤ ማስረጃውን ነው ያጠፋው።

ፒ0087 ከወጣ የነዳጅ ግፊት አንሷል ማለት ነው። ያ ማለት «ፓምፕ ቀይር» ማለት አይደለም። የተደፈነ ፊልትሮ፣ አየር የሚስብ የናፍጣ ቱቦ፣ ፓምፑ ላይ ያለችው መቆጣጠሪያ ቫልቭ፣ የሚያፈስ ኢንጀክተር፣ ሁሉም ያንኑ ኮድ ያወጣሉ። ሞተር ሲቀየር ቱቦዎች ስለሚፈቱ እኔ ከቱቦውና ከፊልትሮው እጀምራለሁ። ግፊቱ ሚኒሞ ላይ 300 ባር አካባቢ፣ ዳገት ሲጫን ከ1000 ባር በላይ መሆን አለበት፤ ማሽኑ ስክሪን ላይ ያሳያል። ፒ0299 ከወጣ ተርቦው የሚገባውን አየር አልገፋም። ፒ0102 ከሆነ የአየር መጠን ሴንሰሩ ምልክት ወርዷል፣ ብዙ ጊዜ ሶኬቱ ሳይሰካ ቀርቶ ነው።

አንተ የጻፍከው ጭስ ጥቁር መሆኑ ወደ አየር ነው የሚመራኝ። ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣው ገብቷል፣ የሚያቃጥለው አየር ግን አልበቃም። ነጭ ቢሆን ስለ ቅዝቃዜና ስላልተቃጠለ ናፍጣ እናወራ ነበር። ሰማያዊ ቢሆን ስለ ዘይት። ስለዚህ ከተርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅህ ዳስስ። ማጥበቂያው ያልጠበቀ፣ ከሥር የተሰነጠቀ፣ ዘይት የሚያልበው ቦታ ፈልግ። ሞተር ቀያሪዎች ከላይ የሚታየውን ያጠብቃሉ፣ ከሥር ያለውን ይረሱታል። ኢጂአር ቫልቩም ተከፍቶ ከቀረ የተቃጠለ ጭስ መልሶ ያስገባል፤ የቆመ ሞተር ላይ በጥላሸት ተጣብቆ መቅረቱ የተለመደ ነው።

አገራችን ደግሞ ለዚህ ምሕረት የላትም። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር አልፋ ነው ያለችው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር 70 በመቶ አካባቢ ነው። ጣርማ በር ላይ ከዚያም ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ስትወርድ ወደ 85 በመቶ ይመለሳል። መኪናህ በየቀኑ ይህን ታልፋለች፣ ኮምፒውተሩም የውጩን ግፊት እየለካ ናፍጣውን ይመጥናል። ሸዋ ሮቢት ላይ ደህና ሆና ጣርማ በር ላይ የምታጨስ ከሆነ ለውጡን ለሚመረምርህ ሰው ንገረው። ከኮዱ እኩል የሚጠቅም መረጃ ነው።

ጉልበት እጨምርልሃለሁ ያለህንም ልጅ የምከለክልህ በዚሁ ምክንያት ነው። ጉልበት የሚጨመረው ናፍጣ በመጨመር ነው። አንተ ጋ የጎደለው አየር ነው። ከየትም የወረደ ፋይል በጣርማ በር አየር አልተሞከረም። ናፍጣው ሲበዛ አየሩ ሲያንስ የጭስ ማውጫው ሙቀት ይወጣል፣ ፒስቶኑ ይግላል። አንድ ሞተር በዚያው ዳገት ቀብረሃል። ያንን ልጅ እምቢ በለው።

ስለ ሽቦ ሳልናገር አላልፍም። ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሞተሩ፣ ከሞተሩም ወደ ቦዲው የሚሄድ ወፍራም የማሳ ሽቦ አለ። ሞተር ሲወጣ ይፈታል። ሲመለስ አንዳንዴ ቀለም ወይም ዝገት ላይ ይታሰራል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይረሳል። ማሳ ሲደክም ሴንሰሮቹ ሁሉ ውሸት ይናገራሉ፣ ኮምፒውተሩም ያመናቸዋል። መካኒኩ ይህን ሲያይ ነው «ኮምፒውተሩ አብዷል» የሚለው። ለማረጋገጥ ቴስተር ይበቃሃል። አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አድርግና አንድ ሰው ቁልፍ አዙሮ ሞተሪኖውን ያስነሳ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየህ ማሳው ደካማ ነው። ፍታው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው፣ መልሰህ እሰረው። በዚህ ብቻ የዳኑ «የሞቱ» ኮምፒውተሮች አይቻለሁ።

ኮምፒውተር በእርግጥ አይሞትም? ይሞታል። ቁልፍ ስትከፍት ቼክ መብራቱ ጭራሽ ካልበራ፣ ማሽኑም ሊያገኘው ካልቻለ፣ ፊውዙና ሪሌው ደህና ሆነው የሚገባው 12 ቮልትና ማሳው ተለክቶ ከተገኘ፣ ያኔ ኮምፒውተሩን እጠረጥራለሁ። ያንተ ሞተሩን እያስነሳ፣ ኮድ እያወጣ፣ ጉልበት እየቀነሰ ነው። ሥራውን እየሠራ ያለ ኮምፒውተር ነው።

አንድ ቀን መቀየር ግድ ቢሆንብህ የሳጥኑን ቁጥር ተመልከት። ቶዮታ ላይ በአብዛኛው በ89661 ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት አምስቱም መግጠም አለባቸው። «ሶኬቱ ይገጥማል» ማለት ይገጥማል ማለት አይደለም። ሶኬቱ ገጥሞ ውስጡ የተለየ ብዙ አለ፤ የማንዋልና የአውቶማቲክ ካምቢዮ እንኳ ይለያል። ኢንጀክተሩን የሚነዳው ሌላ ትንሽ ሳጥን መኖሩንም አትርሳ፤ ሻጮች ኮምፒውተሩን ሰጥተው እሱን ይረሱታል። ቁልፍህ ውስጥ ቺፕ ካለ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የተቀየረው ኮምፒውተር ቁልፍህን ስለማያውቀው ናፍጣ ይከለክላል፤ ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም። የአንዳንዶቹ ቶዮታ ቁልፍ ሳጥንና ኮምፒውተር በምርመራ ሶኬቱ በኩል ለ30 ደቂቃ አገናኝቶ በማቆየት ይተዋወቃሉ። የሌሎቹ ግን ሳጥኑ ተከፍቶ ስምንት እግር ያላት ትንሽ ቺፕ ተነቅላ ወይም እላዩ ላይ እንዳለች መነበብና መጻፍ አለባት። በትክክል «ቺፕ ፕሮግራም» የሚባለው ይህ ነው፤ ሞተር ስለቀየርክ የሚያስፈልግህ ነገር አይደለም።

ማንም ሰው የሚጽፍበት ጊዜ ከመጣ መጀመሪያ ያለውን ሙሉ ፋይል አንብቦ ግልባጩን ይስጥህ። በፍላሽ ያዘው። ይህን የማይሰጥህ ሰው ጋ አትሥራ። ባትሪው ላይ ቻርጀር ይሰካ፣ ላፕቶፑም በራሱ ባትሪ ሙሉ ይሁን። እኛ ጋ መብራት መቼ እንደሚሄድ ማን ያውቃል? መጻፍ ተጀምሮ መሃል ላይ ከተቋረጠ ደህና የነበረው ሳጥን የበር ማስደገፊያ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

እስከዚያው ደግሞ ኮምፒውተሩን ራሳችን እንዳንገድለው። የሞተር መያዣ ለማስተካከል ቦዲ ላይ ብየዳ የሚሠራ ከሆነ ባትሪው ይነቀል፣ የኮምፒውተሩም ሶኬት ይውጣ። ይህን የሚያደርግ ጋራዥ በጣት ይቆጠራል፤ አንተ ቁመህ አስደርግ። በጠዋቱ የደብረ ብርሃን ብርድ ባትሪ ሲደክምብህ ከከባድ መኪና ገመድ አትጠይቅ። የእነሱ 24 ቮልት ነው፣ ያንተ 12።

ሌላው ማስጠንቀቂያ ለመካኒክህ ነው። በድሮ ናፍጣ ሞተሮች ሞተሩ እየሠራ የኖዝል ቱቦ እየላሉ ደካማውን ሲሊንደር መፈለግ የተለመደ ነበር። እዚህ ሞተር ላይ በፍጹም አይሞከርም። በመቶዎች ባር የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ ይበሳል፣ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ሲገባ መርፌ የወጋው ያህል ብቻ ይመስላል፣ ውሎ አድሮ ግን ጣት ያስቆርጣል። እንዲህ የደረሰበት ሰው ካለ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ነው የሚኬደው። የኢንጀክተሩ ሽቦም ሞተሩ እየሠራ አይነካም፤ ከ80 ቮልት በላይ ይሄድበታል።

ይህን የሚያነቡ ሌሎች ባለ መኪኖች መልሱን ለራሳቸው እንዳይወስዱት አንድ ቃል። የድሮው 5ኤል ሜካኒካል ፓምፕ ያለው ሞተር ኮምፒውተር አያስፈልገውም፤ «ቺፕ ቀይር» ካላችሁ ሰው ራቁ። ቪትዝ ያላችሁ ደግሞ 1.0 አውጥታችሁ 1.3 ካስገባችሁ ነገሩ ይገለበጣል። ሌላ ሞተር ነው። ያኔ ኮምፒውተሩም የሽቦ ዝርጋታውም ከሞተሩ ጋር አብሮ መምጣት አለበት፤ ብትችሉ ግን ያንኑ 1.0 ፈልጋችሁ አስገቡ።

ወደ አንተ ልመለስ። ነገ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ተርቦውንና ቱቦዎቹን እይ፣ ማሳውን ለካ። ከዚያ ኮዱን አስነብበህ በወረቀት ያዝ። የኮዱ ምክንያት ከተስተካከለ በኋላ የአራቱን ኢንጀክተር ቁጥር በራስህ ኮምፒውተር ውስጥ አስመዝግብ። ከዚህ ሁሉ በኋላም ከታነቀች ያን ጊዜ ወረቀቱን ይዘህ ተመለስ፤ ግፊቱንና የተርቦውን ልክ እየነዳን እናያለን። ከሩቅ ሆኜ ከዚህ በላይ ማለት አልችልም።

ሻጩ ጋ ግን ደውል። ስለ ኮምፒውተሩ አይደለም። የሞተሩን የግዢ ደረሰኝና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ጠይቀው። ሊብሬህ ላይ የተጻፈው የድሮው ሞተር ቁጥር ነው፣ አሁን መኪናዋ ላይ ያለው ሌላ ነው። ቦሎ ልታሳድስ ስትሄድ ቁጥሩ አይገጥምም። ሰውዬው አሁን ኮምፒውተር ሊሸጥልህ ስለሚፈልግ ስልክህን ያነሳል።